በእጅ ስፌት የሚሠራ ባለመሳቢያ የቆዳ ሳጥን፦ መሳቢያው ሳይጣበቅ እንዲወጣና እንዲገባ

ፒያሳ አካባቢ ባለችው የሥራ ክፍሌ መጥተው ስለ ቆዳ ስፌት ከሚያማክሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሳጥኑን በልኩ ቆርጬ ሰፋሁት፤ መሳቢያው ግን እስከ ግማሽ ገብቶ ይቆማል። ምን አጥፍቼ ነው?» ይላሉ። ሥራቸውን ተቀብዬ ስመረምረው ስፌቱ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ስሕተቱ የተፈጸመው ከስፌቱ በፊት፣ መሳቢያውና መሳቢያው የሚገባበት የውጭ ክፍል በአንድ ቀን ከአንድ ወረቀት ተለክተው ሲቆረጡ ነው። የቆዳው ውፍረት፣ የክሩ ጉብታ፣ የማጣበቂያውና የእርጥበቱ ድርሻ እያንዳንዳቸው ጥቂት ይጨምራሉ፤ ተደምረው ግን ወረቀቱ ላይ የነበረውን ክፍተት ሙሉ በሙሉ ይበሉታል።

ስለዚህ በዚህ መመሪያ መሳቢያው መጀመሪያ ተሠርቶ ያልቃል፤ ከዚያ የውጭው ክፍል የሚቆረጠው ያለቀውን መሳቢያ በመለካት ነው። የውጭውን ክፍል ከዚህ በኋላ «ሰገባ» እያልኩ እጠራዋለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- በዕፅዋት የለፋ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የከብት ቆዳ፣ 2 ስኩዌር ፊት
- 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የተልባ ወይም የፖሊስተር ክር፣ 12 ሜትር
- ጫፋቸው የደነዘዘ 2 መርፌዎች
- ቀጭንና የተሳለ ወስፌ
- ኩተርና አዳዲስ ምላጮች
- የብረት ማስመሪያ እና አናጺዎች የሚጠቀሙበት የማዕዘን መለኪያ
- ሁለቱም ጫፎቹ ብረት የሆኑ ኮምፓስ
- ማስቲሽ፣ ትንሽ ጣሳ
- የማር ሰም፣ የአውራ ጣት ያህል
- ባለ 220 እና ባለ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት
- ጥቂት የግራር ሙጫ በውኃ የሟሟ፣ እና ቁራጭ አቡጀዲ
- ማዕዘኑ ቀጥ ያለ የእንጨት ጉማጅ፣ አንድ ቡሽ
- የጫማ ሳጥን ካርቶንና ስስ ላስቲክ

ከሰገባው የኋላ ክዳን ጋር የቁራጮቹ ስፋት ተደምሮ 671 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንዱ ስኩዌር ፊት 929 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንዱ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሆድ በኩል ያለው ቆዳ ስለሚለጠጥ፣ ጠባሳና የመዥገር ምልክት ያለበትም ስለሚጣል፣ ሁለት መግዛት ይሻላል።

ክሩም ብዙ የሚመስለው ለምክንያት ነው። በተለመደው የሁለት መርፌ ስፌት የስፌቱን ርዝመት አራት እጥፍ ክር ይበቃል ይባላል። በዚህ ሳጥን ግን ክሩ በየቀዳዳው ማዕዘኑን አቋርጦ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከስድስት እጥፍ በታች ይዘው ከጀመሩ በመሐል ያልቅብዎታል። እኔ ሰባት እጥፍ እቆርጣለሁ።

ስለ ቆዳው ምርጫ

መርካቶ የጫማና የቆዳ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ገብተው «የሳጥን ቆዳ» ብለው ቢጠይቁ ምናልባት ለቦርሳ የሚሆነውን ለስላሳ ቆዳ ያቀርቡልዎታል። ለጃኬት፣ ለቦርሳና ለጫማ ፊት የሚውለው ቆዳ በአብዛኛው ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ነው። ቆንጆ ቢሆንም ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ጠርዙም በመታሸት አይለሰልስም። የሚፈልጉት የቀበቶና የሶል ቆዳ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ «የቀበቶ ቆዳ፣ 3 ሚሊ» ብለው ቢጠይቁ ቶሎ ይግባባሉ።

ከመክፈልዎ በፊት የተቆረጠውን ጠርዝ ይመልከቱ። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ እስከ ውስጡ ቡናማ ነው፤ በክሮም የለፋው መሐሉ ላይ ብዙ ጊዜ ግራጫማ ወይም ሰማያዊ ያሳያል። ቀለም ያልተቀባ ከሆነ ደግሞ በጣትዎ አንድ ጠብታ ውኃ ያሳርፉበት፤ በዕፅዋት የለፋው ጠብታውን ጠጥቶ ይጠቁራል፤ በጥፍር ሲጫኑት ምልክቱን ይይዛል። ውፍረቱ ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ለዚህ ሥራ አይውሰዱት፤ ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ያገኙታል።

የመሳቢያው ልኮች

የመሳቢያው የውስጥ መጠን 120 በ80፣ ከፍታው 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሰዓትና ቁልፍ ይይዛል።

- ወለል፣ 1 ቁራጭ፦ 120 በ80
- ረጃጅም ጎኖች፣ 2 ቁራጭ፦ 126 በ43
- ፊትና ጀርባ፣ 2 ቁራጭ፦ 80 በ43

ረጃጅሞቹ ጎኖች 126 የሆኑት በሁለቱም ጫፍ የፊቱንና የጀርባውን ውፍረት፣ 3 እና 3 ሚሊ ሜትር፣ ስለሚሸፍኑ ነው። ከፍታው 43 የሆነው ደግሞ ወለሉ በግድግዳዎቹ መካከል ስለሚቀመጥ የራሱ 3 ሚሊ ሜትር ተጨምሮ ነው። የቆዳዎ ውፍረት ሌላ ከሆነ እነዚህን ልኮች በዚያው መጠን ይለውጡ።

አሠራር

1. ቆዳውን ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። ልኮቹን መጀመሪያ በካርቶን ቆርጠው ገጥመው ይዩ፤ ካርቶን ርካሽ ነው። ከዚያ ቆዳውን በፊቱ (በለስላሳው ገጽ) በኩል አስምረው፣ ኩተሩን ቀጥ አድርገው ይዘው፣ በአንድ ኃይል ሳይሆን በሦስት ቀላል ስበት ይቁረጡት። ኩተሩ ከዘመመ ጠርዙ ይዘማል፤ የዘመመ ጠርዝ ሲገጠም ማዕዘኑ ቀጥ ሊሆን አይችልም፤ ይህን በኋላ በስፌት ማረም አይቻልም። ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ቁራጮችን ከቆረጡ በኋላ ፊት ለፊት ደርበው ያወዳድሩና የሚበልጠውን በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ።

2. መሳቢያው የሚጎተትበትን ጆሮ አሁኑኑ ይሥሩ። በፊተኛው ቁራጭ መሐል ላይ 12 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ ከፍተው፣ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ ለሁለት አጥፈው ያስገቡ። ሁለቱን ጫፎች ከውስጥ በኩል በማስቲሽ አጣብቀው በአራት ቀዳዳ ይስፏቸው። ሳጥኑ ከተሰፋ በኋላ እጅ በምቾት ስለማይገባ ይህን ሥራ ወደ ኋላ ማስተላለፍ ያስቸግራል።

3. የስፌት መስመሮቹን ያስምሩና ቀዳዳዎቹን ይብሱ። ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝርዝር እገልጸዋለሁ።

በእያንዳንዱ ማዕዘን የሚገናኙት ሁለት ቁራጮች የተለያየ ሥራ አላቸው። አንዱ የሌላውን ጠርዝ ይሸፍናል፤ እሱን «ሸፋኝ» እንበለው። ሌላው ጠርዙን ከሸፋኙ የሥጋ ገጽ (ከሻካራው የጀርባ ገጽ) ጋር ያገጥማል፤ እሱን «ገጣሚ» እንበለው። በመሳቢያው ማዕዘኖች ረጃጅም ጎኖቹ ሸፋኝ፣ ፊትና ጀርባው ገጣሚ ናቸው። ከወለሉ ጋር ሲገናኙ ግን አራቱም ግድግዳዎች ሸፋኝ፣ ወለሉ ገጣሚ ይሆናል።

በገጣሚው ላይ መስመሩ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር፣ በሸፋኙ ላይ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ ማለትም 2 ሲደመር የቆዳው ውፍረት። ወስፌው በሸፋኙ ፊት ላይ በ45 ዲግሪ ገብቶ በሥጋው ገጽ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ይወጣል፤ በገጣሚው ፊት ላይ እንዲሁ በ45 ዲግሪ ገብቶ በጠርዙ ውፍረት ውስጥ፣ ከፊቱ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይወጣል። ሁለቱ ሲጋጠሙ ቀዳዳቸው አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ይሆናል፤ ክሩም ከውጭ ገብቶ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ በሳጥኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ፈጽሞ አይታይም። ቆዳው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ግን ይኸው መንገድ የውስጡን ማዕዘን ይነካና ክሩ ወደ ውስጥ ብቅ ይላል። ስስ ቆዳ የማይሆነው ለዚህ ነው።

መስመሩን በኮምፓስ ካሰመሩ በኋላ ቆዳውን በጥቂቱ አርጥበው በደነዘዘ የእንጨት ጫፍ መስመሩን ደጋግመው ይጫኑት፤ ስስ ቦይ ይወጣለታል። ይህ ቦይ ለጌጥ አይደለም። ክሩ ከቆዳው ገጽ በታች ካልተኛ፣ መሳቢያው በገባና በወጣ ቁጥር ክሩ ሰገባውን እየፈገፈገ ያልቃል።

ቀዳዳዎቹ በ4 ሚሊ ሜትር ርቀት ይመታሉ። በኮምፓሱ ምልክት ያድርጉና ከመብሳትዎ በፊት ይቁጠሩ፦

- የመሳቢያው አራት ማዕዘኖች፦ ከላይኛው ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ወርደው ይጀምሩ፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ 8 ቀዳዳ።
- የወለሉ ረጅም ጠርዝ፦ ከጫፉ 4 ሚሊ ሜትር ይጀምሩ፤ 29 ቀዳዳ። በረጃጅሞቹ ጎኖች ላይ ግን ከጫፋቸው 7 ሚሊ ሜትር ይጀምራል፤ 3ቱ ሚሊ ሜትር የፊቱ ቁራጭ ውፍረት ነውና።
- የወለሉ አጭር ጠርዝ፦ 19 ቀዳዳ፣ በፊቱና በጀርባው ላይም እንዲሁ።

የማዕዘኑ ስፌት ወደ ታች ሲወርድ 8ኛው ላይ የሚቆመው የወለሉ ስፌት በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ነው፤ ሁለቱ መስመሮች ከተገናኙ ቆዳው ይቀደዳል። የርቀት ልዩነት በዓይን አይታይም፤ የቁጥር ልዩነት ግን ስፌቱ መጨረሻ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻውን እንዲቀር ያደርጋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቁጥሩን ይመኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ ወስፌው በሚወጣበት በኩል ቡሽ ያስደግፉ እንጂ ጣትዎን አያድርጉ። በ45 ዲግሪ የተያዘ ወስፌ ቆዳውን ሲያልፍ ድንገት ይፈጥናል።

4. መስፋት ከጀመሩ በኋላ የማይደረስባቸውን ጠርዞች ያለስልሱ። የግድግዳዎቹን የላይኛ ጠርዞች በባለ 220፣ ከዚያ በባለ 400 የብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፤ የግራር ሙጫውን ውኃ በስሱ ቀብተው በአቡጀዲ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይሹት። ቀለም መቀባት ከፈለጉም ጊዜው አሁን ነው፤ ማስቲሽ የነካው ቦታ ቀለም አይቀበልም።

5. ክሩን ሰም ይቀቡ። ክሩን በሰሙ ላይ ሦስት ጊዜ ይሳቡት። ሰሙ ክሩን በቀዳዳው ውስጥ ይይዘዋል፤ አንድ ስፌት ቢበጠስ እንኳ ጎረቤቶቹ ቶሎ አይላሉም። የማር ሰም ካጡ ከንጹሕ ሰም የተሠራ ጧፍ ይበቃል፤ ተራ ሻማ ግን ሲደርቅ ስለሚሰነጣጠቅና ስለሚረግፍ አይሆንም።

6. አራቱን ግድግዳዎች አያይዘው ይስፉ። በሚገናኙት ጠርዞች ላይ ማስቲሽ በጣም በስሱ ይቀቡ፤ ጣት ሲያስነኩት የማይለጠፍ እስኪሆን ይጠብቁና በእንጨቱ ጉማጅ ማዕዘን ላይ አስደግፈው ያገናኙ። ማጣበቂያው ሥራው ቁራጮቹ እንዳይንሸራተቱ ማድረግ ብቻ ነው፤ ሳጥኑን የሚይዘው ስፌቱ ነው።

ክሩን በሁለቱም ጫፍ መርፌ ያስገቡለት። አንዱን መርፌ በመጀመሪያው ቀዳዳ አሳልፈው ክሩን እኩል ይከፋፍሉት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ መጀመሪያ ከሸፋኙ በኩል ያለውን መርፌ፣ ቀጥሎ ከገጣሚው በኩል ያለውን በዚያው ቀዳዳ ያሳልፉ። ቅደም ተከተሉን በመሐል ከቀየሩት የስፌቱ ዝንባሌ ይቀየራል፤ ይህም ከሩቅ ይታያል። ሁለቱን ክሮች በእኩል ኃይል፣ በስፌቱ መስመር አቅጣጫ ይሳቡ፤ ወደ ላይ ከሳቡት በገጣሚው ጠርዝ ላይ ያለው 2 ሚሊ ሜትር ቆዳ ይቀደዳል። መጨረሻ ላይ ሁለት ቀዳዳ ወደ ኋላ ሰፍተው ይቁረጡ። የፖሊስተር ክር ጫፍ በክብሪት ነበልባል ዳር ቀልጦ ይጣበቃል፤ የተልባውን ጫፍ ግን በጥቂት ማጣበቂያ ወደ ቀዳዳው ይግፉት።

7. ወለሉን ከታች አስገብተው ይስፉ። ግድግዳዎቹ ከተያያዙ በኋላ ወለሉ ራሱ ማዕዘኖቹን ቀጥ ያደርጋቸዋል። ከመስፋትዎ በፊት በሁለቱም ሰያፍ አቅጣጫ ይለኩ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ መሳቢያው ጠማማ ነው፤ አሁን በእጅ ተገፍቶ ይስተካከላል።

8. መሳቢያውን ያድርቁና ቅርጹን ያስይዙ። ከውስጥ በኩል በእርጥብ ጨርቅ በስሱ አርጥበው፣ ወለሉን የሚያህል የእንጨት ጉማጅ ወይም በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ አስገብተው በጥላ ስር አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ፀሐይ ላይ ካሰጡት ጎኖቹ ወደ ውጭ ይቆለመማሉ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው በማግሥቱ የሚለካው ልክ የመሳቢያው እውነተኛ ልክ አይደለም።

9. አሁን ይለኩና ሰገባውን ይቁረጡ። የደረቀውን መሳቢያ ስፋትና ከፍታ በፊት፣ በመሐልና በኋላ ሦስት ጊዜ ይለኩና ትልቁን ይውሰዱ። በትልቁ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይጨምሩ፤ ይህ የሰገባው የውስጥ ልክ ነው። መሳቢያው ልክ 86 በ43፣ ርዝመቱም 126 ሆኖ ከተገኘ፣ የሰገባው ውስጥ 88 በ45 ይሆናል፤ ቁራጮቹም የሚከተሉት ናቸው፦

- ላይና ታች፣ 2 ቁራጭ፦ 94 በ129
- ጎኖች፣ 2 ቁራጭ፦ 45 በ129

የኋላውን ክዳን ገና አይቁረጡት። ላይና ታቹ ሸፋኝ፣ ጎኖቹ ገጣሚ ናቸው። ረጃጅሞቹ መስመሮች ከፊት 4 ሚሊ ሜትር ገብተው ይጀምራሉ፤ 29 ቀዳዳ ሲሆን ይቁሙ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቦታ የኋላ ክዳኑ ስፌት ነው።

መሳቢያው በ86 ፈንታ 87.5 ቢወጣ አይደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ ይወጣል። በወረቀቱ ልክ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ከክፍተቱ ሦስት አራተኛው ያለቀው እዚህ ላይ ነበር።

10. ሰገባውን በመሳቢያው ዙሪያ ይስፉ። መሳቢያውን በወረቀት ጠቅጥቀው በላስቲክ ይጠቅልሉት፤ በየጎኑም አንድ አንድ ሚሊ ሜትር እስኪሞላ ካርቶን ይደርቡበት። ይህ ሰገባውን የሚቀርጹበት ፎርማ ነው። ታቹን ከሁለቱ ጎኖች ጋር ሰፍተው ፎርማውን ያስቀምጡበትና ላዩን ከደነው ይስፉ። ፎርማው እያለ ወስፌ አይጠቀሙ፤ ቀዳዳዎቹ ሁሉ አስቀድመው ተበስተው ያልቁ።

11. ከኋላ ሳይዘጉ ይፈትሹ። ፎርማውን ይግፉት፤ ሁለቱም ጫፍ ክፍት ስለሆነ ቢጠብቅ እንኳ ከኋላ ተገፍቶ ይወጣል። ካርቶኑን አውጥተው መሳቢያውን ብቻ ደጋግመው ያስገቡና ያውጡ። የሚይዝበት ቦታ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ ማዕዘን ያመለጠ የማስቲሽ እብጠት ነው፤ በጥፍር ይነሣል።

12. የኋላውን ክዳን ይሥሩ። የሰገባውን የውስጥ ልክ ከኋላ ለክተው ክዳኑን ይቁረጡ፤ በምሳሌያችን 88 በ45 ነው። አሁን አራቱም የሰገባው ግድግዳዎች ሸፋኝ፣ ክዳኑ ገጣሚ ነው፤ ረጅሙ ጠርዝ 21፣ አጭሩ 10 ቀዳዳ ይይዛል። ከመስፋትዎ በፊት በክዳኑ ላይ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ይክፈቱ። በደንብ የተገጠመ መሳቢያ አየሩን ወደ ኋላ ይጨምቀዋል፤ አየሩ መውጫ ካጣ መሳቢያውን መልሶ ይገፋዋል፤ ሲጎትቱት ደግሞ ወደ ውስጥ ይይዘዋል።

13. ማጠናቀቂያ። የውጭ ጠርዞቹን እንደ ደረጃ 4 ያለስልሱ። በመሳቢያው ጎኖችና ወለል ላይ ደረቅ ሰም አሽተው በአቡጀዲ ይወልውሉ። ዘይት ወይም ቅባት እንዳይቀቡ፤ ቆዳውን ስለሚያለሰልሰውና ስለሚያሰፋው የሠሩትን ክፍተት ያጠፋዋል።

ማስጠንቀቂያዎች

ማስቲሽ በቀላሉ የሚቀጣጠልና ትነቱም የሚያዞር ነው። መስኮት ከፍተው ይሥሩ፤ ከሰል በተያያዘበት፣ ቡና በሚፈላበት ወይም ሕፃናት ባሉበት ክፍል ጣሳውን አይክፈቱት። ክርዎን በነበልባል የሚያቀልጡ ከሆነም ጣሳው አስቀድሞ ተከድኖ ከአጠገብዎ ይራቅ።

እርጥብ ቆዳና ብረት አይገናኙ። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ውስጥ ያለው ታኒን (ቆዳውን ያለፋው የዕፅዋት ንጥረ ነገር) ብረት ሲነካው ሰማያዊ ጥቁር እድፍ ይሆናል፤ አርጥበው ማስመሪያውን ወይም መቀሱን ላዩ ላይ ትተው ከሄዱ ቅርጹ ታትሞ ይጠብቅዎታል። እድፉ ትኩስ ከሆነ በሎሚ ጭማቂ ይቀባል፤ ሲደበዝዝ ወዲያው በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት።

ተደጋግመው የማያቸው ስሕተቶች

ከሁሉ የሚበዛው ሰገባውን ከውስጥ በስስ የበግ ቆዳ መሸፈን ነው። ያምራል፤ ግን 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽፋን በሁለት ጎን 1.6 ይሆናል፤ የተውነው ክፍተት ደግሞ 2 ብቻ ነው። ሽፋን የሚፈልግ ሰው መሳቢያውን ከውስጥ ይሸፍን፤ የውጭ ልኩን አይነካም። ሰገባው ይሸፈን ከተባለ ግን የሽፋኑ ውፍረት እጥፍ በደረጃ 9 ልክ ላይ ይደመር።

ሌላው ማዕዘኑን ያለ እንጨት ጉማጅ፣ በእጅ ብቻ ይዞ መስፋት ነው። ክሩ በተሳበ ቁጥር ገጣሚው ቁራጭ ጥቂት ወደ ውስጥ ይዘማል፤ በመጨረሻ ሳጥኑ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ ይሆናል።

በበጋ ሳጥን የሚሠሩ ሰዎች 2 ሚሊ ሜትሩ ሰፋ ብሎ ስለሚታያቸው ወደ 1 ይቀንሱታል። ጥር ላይ በደንብ ይሠራል፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ቆዳው ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና መሳቢያው ይይዛል። እንዲህ የያዘ መሳቢያ ካለዎት በኃይል አይጎትቱት፤ ጆሮው ይቀደዳል። ሳጥኑን ደረቅ በሆነ ክፍል፣ ከፀሐይና ከእሳት አርቀው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያቆዩት፤ ከዚያም በኋላው ክዳን ላይ ባሉት የአየር ቀዳዳዎች በደነዘዘ እንጨት ቀስ ብለው ይግፉት፤ ሲወጣም ጎኖቹን በሰም ያሹት።